ሳይከፈት የኖረው ሣጥን፦ ስድስት ቀን በደሴና በኮምቦልቻ

ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ሐዋሳ ያሉ ጎረቤቶቼ «ደሴ እንዴት ነበር?» ሲሉኝ «ብርድ ነው» ብዬ አልፋቸዋለሁ። ብርዱስ እውነት ነው፤ ግን ስለ ብርዱ የማወራው ስለ ሌላው ማውራት ስላቃተኝ ነው። በቅደም ተከተል ብጽፈው ይቀለኝ ይሆናል። ደሴን የማያውቅ፣ ወደፊትም የመሄድ ሐሳብ የሌለው ሰው እንዲገባው አድርጌ እጽፋለሁ። የቤተ ክርስቲያኑን ስም ግን አልጠቅስም፤ አገሩ ገና አልረጋም፣ የቀሩት መጻሕፍትም እዚያው ናቸው።

ሥራዬ መጽሐፍ መጠገን ነው። ብራና በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ቢገጥመኝ ነው፤ የቀረው ጊዜዬ የተማሪ መጽሐፍ በመጠረዝ ያልቃል። ታደለ የሚባል የኮሌጅ ጓደኛ አለኝ፣ ደሴ ያስተምራል። እሱ ነው የደወለልኝ። ቦሩ ሜዳ አካባቢ ያለው የአያቶቹ ቤተ ክርስቲያን በጦርነቱ ጊዜ አራት የብራና መጻሕፍት ደብቆ ነበር፣ አሁን ከየተደበቁበት እየወጡ ነው፣ እርጥበት ሳይነካቸው አልቀረምና መጥተህ እይልን አለኝ። እሺ አልኩት። ባለቤቴ የመንገዱን ወሬ ሰምታ ነበርና ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

ማክሰኞ

ከሐዋሳ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ለእኔ የጓሮ መንገድ ስለሆነ የምለው የለኝም። ሞጆ ላይ የበላሁት ጥብስ ጨው በዝቶበት ነበር፣ ይኸው ነው። አዲስ አበባ ደርሼ ስለ ነገው ጉዞ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የተለያየ መልስ ሰጠኝ። አንዱ ክፍት ነው ይላል፣ ሌላው ትናንት ተዘግቷል ይላል፣ ሦስተኛው ለምን በአውሮፕላን አትሄድም ይለኛል፣ ቲኬቱን እሱ የሚገዛልኝ ይመስል። ላምበረት መናኸሪያ ያለው ቲኬት ቆራጭ ብቻ «እስከምንደርስበት እንሄዳለን» አለኝ። ሐቀኛ ሰው ነው ብዬ ከሱ ቆረጥኩ።

ረቡዕ

ማለዳ ተነሳን። ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ የወንበሩን ብረት ጨብጬ መልቀቅ አቃተኝ። እኛ አገር መኪና ወደ ቀኝ ወይ ወደ ግራ ነው የሚታጠፈው፤ እዚህ ወደ ታች ይታጠፋል። አጠገቤ የተቀመጡት ሐጂ የኮምቦልቻ ነጋዴ ናቸው፣ ፂማቸው በሂና የቀላ። እጄን እያዩ «አብሽር ልጄ፣ ሹፌሩም የሚጠብቀው ቤተሰብ አለው» አሉኝ። አብሽር ማለት አይዞህ ማለት ነው፤ ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይለዋል።

ሸዋ ሮቢትን ካለፍን በኋላ አንድ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። የእኔ ቦርሳ ውስጥ ወስፌ፣ መርፌ፣ ክር፣ ከአጥንት የተሠራ ማጠፊያና አንዲት ስስ ቢላ ነበሩ። ፈታሹ ወጣት ወታደር አንድ በአንድ መሬት ላይ ደረደራቸው።

«ሐኪም ነህ?»

«መጽሐፍ ነው የምጠግነው።»

«መጽሐፍ በቢላ ነው የሚጠገነው?»

ላብራራለት ስሞክር ነገሩ ይባስ ተበላሸ። ሐጂ መጥተው መሀላችን ገቡ። «ቁርኣን የሚጠግን ሰው ነው፣ ልቀቀው» አሉት። ሐጂ ስለ ሥራዬ አንድም ነገር አልጠየቁኝም ነበር። ወታደሩ የቀረውን መልሶልኝ ቢላዋን አስቀረ። ሃያ ዓመት የሠራሁባት ቢላ ናት፤ እስከ ከሚሴ ድረስ ከማንም ጋር ሳላወራ ሄድኩ። ሐጂ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ለራሳቸው ቤት የገዙትን አንድ ፌስታል ብርቱካን እግሬ ሥር አስቀምጠውልኝ ሄዱ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም፣ አሁን ይቆጨኛል።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን አቀበት ስንወጣ ብርዱ በመስኮቱ ገባ። ሐዋሳ ቤቶቹ ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ ደሴ ግን አንዱ ቤት የሌላውን ጣሪያ ቁልቁል እያየ ጦሳ ተራራ ላይ ተለጥፏል። የታደለ ቤት ለመድረስ ባጃጁ ግማሽ መንገድ ላይ አቃተውና ወርጄ ከኋላ ገፋሁት። ከፍዬበት መግፋቴ ታደለን በሳቅ ገደለው። ባለቤቱ ሁለት ጋቢ ደራርባ አለበሰችኝ፣ የጾም ሽሮ አቀረበች፣ ልጆቹን መሬት ላይ አስተኝታ አልጋቸውን ሰጠችኝ። እምቢ ብል «ኧረ በሞቴ፣ እንግዳ መሬት አስተኛች ልታሰኘኝ ነው?» አለች።

ሐሙስ

በሚኒባስ ቦሩ ሜዳ ሄድን። ከሆስፒታሉ አልፈን ወርደን በገብስ ማሳ መሀል ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ተጓዝን። የሰበካ ጉባኤው ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ሊቀ መንበሩ ሦስት መጻሕፍት በነጭ ጨርቅ ላይ አቀረቡልኝ። አንዱ ጠርዙን አይጥ በልቶታል፣ አንዱ ገበታው፣ ማለት የእንጨት ሽፋኑ፣ ተሰንጥቋል፤ ሦስቱም ግን በሕይወት አሉ። በጣም ደስ አለኝ።

እንዴት እንደተደበቁ የነገሩኝ ሊቀ መንበሩ ናቸው። ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ አራት ሰዎች ተመረጡ። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ መጽሐፍ ወሰዱ። የት እንዳኖሩት አደራውን ከሚቀበላቸው ሰው በቀር ለሚስትም፣ ለልጅም፣ እርስ በርሳቸውም ላይናገሩ መስቀል ይዘው ማሉ። አንዱ ቢያዝና ቢደበደብ የራሱን ብቻ ነው የሚያወጣው፣ ሦስቱ ይተርፋሉ። መሐላው የሚፈታው መጽሐፉ ተመልሶ ዕቃ ቤት ሲገባ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ብልሃት ከገበሬና ከቄስ ጉባኤ አልጠበቅኩም ነበር፤ ይህን በማሰቤ አፍሬያለሁ።

«አራተኛውስ?» አልኩ።

ሁሉም ወደ አንድ ወገን ዞሩ። ከአግዳሚው ራቅ ብለው የቆሙ፣ ጥምጥማቸው የተስተካከለ አንድ ቄስ ነበሩ። ሊቀ መንበሩ በአገጫቸው ወደሳቸው እያመለከቱ «ቄሰ ገበዝ ይመርን ጠይቃቸው። ባለ ሥዕሉን የወሰዱት እሳቸው ናቸው። ምናልባትም አንተ ገዥውን ሳታውቀው አትቀርም» አሉኝ።

ክው አልኩ። መጀመሪያ ለራሴ ነው የደነገጥኩት፣ የሌባ ተባባሪ ተደርጌ በመታየቴ። ቀጥሎ ነው ሰውየው ትዝ ያሉኝ። ቄሰ ገበዝ ማለት የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቅ፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የሚይዝ ቄስ ነው። እኛ ሰፈር በአንድ ቄስ ፊት እንዲህ ያለ ቃል ቢነገር ሰው ይነሳል፣ ይንጫጫል። እዚህ ማንም አልተነቃነቀም። ቁልፉን ከተቀሙ ወራት አልፏቸዋል። እስከ እሑድ መጽሐፉን ካላመጡ ከአገልግሎት ሊያግዷቸውና ለፖሊስ ሊያሳውቁ ወስነዋል። ቄሰ ገበዝ አንገታቸውን እንኳ አልደፉም፤ ቆመው ይሰማሉ።

ወደ ሚኒባሱ ስንመለስ ከኋላችን ደረሱ። «መጽሐፉ አለ» አሉን። «መንገዱ ላይ ያለው ኬላ ነው ያስቸገረኝ። ጥምጥም የጠመጠመ ሰው የብራና መጽሐፍ ይዞ ቢያዝ ሸጦ ሲሄድ ተያዘ ነው የሚባለው። መጽሐፉም በዚያው ይቀራል። ባለሙያ ከነወረቀቱ አብሮኝ ቢሆን ግን ያሳልፉኛል።» የት ነው ብሎ ታደለ ሲጠይቃቸው «ኮምቦልቻ» ብለው አቆሙ። መሐላው ከዚህ በላይ አያናግራቸውም። ታደለ ከሰዓት በኋላ ከቢሮ ቢሮ ሲሮጥ ውሎ ማኅተም ያረፈበት የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ መጣ።

ዓርብ

ሐረጎን ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፣ ጋቢዬን አወለቅኩ፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሜዳውንና ሙቀቱን አይቼ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ቄሰ ገበዝ ባጃጁን ከፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር አንድ የቆርቆሮ በር ላይ አስቆሙት። በሩ ላይ «ኢየሱስ ጌታ ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ቤት ተሳስተዋል ብዬ ልነግራቸው ስል አንኳኩ።

የከፈተችው ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። ስታያቸው እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ወዲያው ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ልጃቸው ናት፣ እታገኝ ትባላለች። ታደለ በሹክሹክታ ነገረኝ፤ ጴንጤ የሆነችው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው፣ ያን ጊዜ አባቷ በሰው ፊት «ቃሌን የማትሰማ ልጅ የለችኝም» ብለው ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ግን ባለ ሥዕሉን ይዘው የሄዱት ወደሷ ነው። የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ጴንጤ ቤት ይገኛል ብሎ የሚፈልግ ሰው የለም።

ሣጥኑ አልጋዋ ሥር ነበር። ከተማው በታጣቂ እጅ የወደቀ ጊዜ ቤቷ ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። ቴሌቪዥኑን፣ ፍራሹን፣ የልጆቿን ጫማ ሳይቀር ወስደዋል። ሣጥኑን ሊጎትቱ ሲሉ «በሳንባ በሽታ የሞተች እናቴ ልብስ ነው፣ የማትፈሩ ከሆነ ውሰዱት» አለቻቸው። ወጡ። ይህን ስትነግረን የሌላ ሰው ታሪክ እንደምታወራ ሁሉ እየቀለደች ነበር።

ሣጥኑ ላይ አጎንብሼ ሳለ ሽታው መጣ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ያንን ሽታ ከማንም ጋር አያምታታውም። የክዳኑ ዙሪያ በሻማ ሰም ተደፍኗል። ከሱቅ በተገዛ ምላጭ ሰሙን አስለቀቅኩት። ውስጡ ማዳበሪያ ከረጢት አለ፣ በከረጢቱ ውስጥ ወፍራም ላስቲክ፣ በላስቲኩ ውስጥ የመጽሐፉ የቆዳ ማኅደር፣ በማኅደሩ ውስጥ ደግሞ መጽሐፍ ነበር ልል የማልችለው ነገር። ሁለቱ ገበታዎች ደህና ናቸው። በመሀላቸው ያለው ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ፣ አንድ ወጥ ጥፍጥፍ ሆኗል። በጣቴ ስነካው ተጣበቀብኝ።

ብዙ የተጎዳ መጽሐፍ አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ አላየሁም። ብራና ቆዳ ነው። እርጥበት ይዞ አየር ካጣ ይለሰልሳል፣ ይበሰብሳል፣ መጨረሻው ሙጫ ነው።

«ውሃ ነክቶት ነበር?» አልኳቸው።

ቄሰ ገበዝ ዓይናቸውን ከሣጥኑ አልነቀሉም። «ሁለት ቀን ጓሮዬ ቀብሬው ነበር። ዘነበ። ፈራሁና አወጣሁት። ላዩን ጠረግሁት፣ ደርቋል ብዬ ጠቀለልኩት። ከዚያ በኋላ ጠብታ ውሃ እንዳይገባ ብዬ ነው ያሸግሁት።»

«ውሃው ቀድሞ ገብቶ ነበር፣ አባቴ። እርስዎ ዘጉበት።»

አሁን ሳስበው ይህን በለሰለሰ አነጋገር ልነግራቸው እችል ነበር። እኔ ስደነግጥ እቆጣለሁ፣ ክፉ ጠባዬ ነው። ወደ ልጅቱም ዞሬ «ሽታው አልመጣብሽም?» አልኳት።

«በመጀመሪያው ወር ነው የመጣብኝ።»

«ታዲያ ምነው ሳትከፍቺው? ያኔ ብትከፍቺው፣ አየር ቢያገኝ ግማሹ ይተርፍ ነበር እኮ።»

«አትክፈቺ ብለውኛል» አለች። ቀጥላ ለእኔ ሳይሆን ለወለሉ እንደምትናገር ሁሉ «እሱን እንኳ ልስማቸው ብዬ ነው። ሌላውን ቃላቸውን አልሰማሁም። ሰው ሲመጣ ሽታው እንዳያሳጣኝ ጤና አዳም እላዩ ላይ አደርግ ነበር» አለች።

ታደለ ወደ ውጭ ወጣ። ቄሰ ገበዝ የአልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። እኔ በእጄ ላይ የተጣበቀውን አየሁ። አንዲት ሴት ሌቦችን አታልላ፣ ልጆቿን ባዶ ወለል ላይ አስተኝታ ያዳነችው መጽሐፍ ነው፣ ሳትነካው ያለቀ።

ምሳ ሠርታ ነበር። እሷ ዓርብን አትጾምም፣ ለአባቷ ስትል ግን ምስርና ጎመን አድርጋለች። ማናችንም በቅጡ አልበላንም። ልንነሳ ስንል ለአባቷ እንዲህ አለቻቸው፤ «አባዬ፣ እታገኝ ናት ያበላሸችው ይበሏቸው። ውሃ አፈሰሰችበት ይበሉ። እኔን እንደሆነ ድሮም ጥለውኛል፣ ምንም አልጎዳም። ቁልፉን ይመልሱልዎታል።»

ቄሰ ገበዝ ሣጥኑን አንስተው ወጡ። ኬላው ላይ ደብዳቤያችንን አይተው ያለ ብዙ ጥያቄ አሳለፉን።

ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ የታደለ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ሠራሁ። ባለቤቱ ልጆቹን እህቷ ዘንድ ላከች፣ መስኮቶቹን በዚያ ብርድ ከፍታ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አስራ ስትረዳኝ ዋለች። ሽታው መጋረጃው ውስጥ ሳይቀር ገብቷል፤ እሷ ግን አንዴም አላማረረችም። ቢላዬን በማጣቴ በምላጭ ነበር የምሠራው፣ ሁለት ጊዜ ጣቴን ቆረጥኩ። ሲመሽ በመጀመሪያው ገበታ በኩል ያሉ ሰባት የብራና ቅጠሎች ተለያዩ። አራቱ ጽሑፍ ብቻ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ስምና የሰጪው ስም ከአንዱ ላይ ይነበባል። ሦስቱ ሥዕል አላቸው። የቀረው አይለይም። ታደለ «ነገ ምን ይሉ ይሆን?» አለኝ። ልጅቱ ያለችውን ቢሉ አልፈርድባቸውም ነበር። እውነቱን ለመናገር እንዲሉም ሳልመኝ አልቀረሁም።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከዛፉ ሥር ተሰበሰበ። ሣጥኑ መሀል ላይ ተቀመጠ፣ ቅጠሎቹ አጠገቡ ነጭ ጨርቅ ላይ ተዘረጉ። ሊቀ መንበሩ የቤተ ክርስቲያኑን ስም ያዘችውን ቅጠል አንስተው ጮክ ብለው አነበቡ። ከሴቶቹ በኩል እልልታ ተጀመረ። ክዳኑ ሲከፈት ግን ቆመ። አንዲት አሮጊት ሰው እንደሞተ ደረታቸውን መቱ።

«የት ነበር?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ልጄ ቤት» አሉ ቄሰ ገበዝ። «እታገኝ ዘንድ።»

ጉርምርምታው ወዲያው ተነሳ። ከኋላ አንዱ «እሷማ ትሠራዋለች፣ ጠልታን እኮ ነው የሄደች» አለ። በዚህች ሰዓት ቄሰ ገበዝ ዝም ቢሉ ብቻ ይበቃ ነበር። መዋሸት እንኳ አያስፈልጋቸውም፤ ሰዉ ራሱ ጨርሶላቸዋል።

«ስሙኝ» አሉ። «እርጥቡን የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። በሰም ያሸግሁት እኔ ነኝ። አትክፈቺ ያልኩትም እኔ ነኝ። እሷ ታጣቂ ቤቷ ሁለት ጊዜ ገብቶ ሁሉን ሲዘርፋት ይህን አላስነካችም። አጠፋ የምትሉት ሰው ካለ እኔ ነኝ።»

ሊቀ መንበሩ «ሌባ ያልንዎትን ይቅር ይበሉን» አሉ፣ ተነስተውም እጃቸውን ሳሟቸው። ቁልፉን ግን አልመለሱላቸውም። ለሌላ ቄስ ሰጡት፣ ቄሰ ገበዝም ትክክል ነው አሉ። ያረጀ ቅዱስ መጽሐፍ አይጣልም፣ ይቀበራል፤ ሣጥኑን ከነጥፍጥፉ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ቀበሩት። ሐዋሳ እያለሁ ለጥገና የመጣልኝን መጽሐፍ ቀብሬ እመለሳለሁ ብዬ አላሰብኩም። አፈር ሲመልሱ ቆሜ ማየት ስላቃተኝ ወደ በሩ ሄድኩ።

እታገኝ ከቅጥሩ ውጭ ቆማለች። ታደለ ነው የደወለላት። ወደ ውስጥ አልገባችም። አባቷ ከኋላዬ መጡ፣ ሥዕል ያለባትን አንዲት ቅጠል በጨርቅ አድርገው ይዘዋል። ገልጠው ሰጧት። የተሣለችው እናት ልጇን ታቅፋለች፣ ቀዩና ቢጫው ትናንት የተቀባ ይመስላል፣ ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው። እታገኝ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለች። ያን ሁሉ ዘመን አልጋዋ ሥር ያስቀመጠችውን ሥዕል ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«እንዲህ ያለ ስንት ነበረው?» አለች።

«ሠላሳ ሁለት።»

«እንዲህ መሆኑን ባውቅ ኖሮ፣ አባዬ፣ አልታዘዝዎትም ነበር።»

ቄሰ ገበዝ እጃቸውን ራሷ ላይ አደረጉ። «ምነው ባልታዘዝሽኝ» አሉ።